አዘዞ የገባው ባሕር

ዓይናዲስ ስድስተኛ ክፍልን ሳትጨርስ ደብተሯን ዘግታ ያስቀመጠች ሴት ናት። እናታቸው ስትሞት ታናሽ ወንድሟ አዳነ ገና ሕፃን ነበርና አንዱ መማር፣ አንዱ ማሳደግ ነበረበት። እሷ ጥልፍ ይዛ መስኮት ሥር ተቀመጠች፤ እሱ ተማረ። ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ በዓሣ ሀብት ተመረቀ። ተመርቆም አዘዞ እህቱ ቤት ተመልሶ ቁጭ አለ። ጎረቤቷ ይመኙሽ፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት፣ «ያንችው ልጅ ዓሣ ተምሮ ደረቅ ላይ ቀረ» ትላለች። ዓይናዲስ አትስቅም፤ ውሸት ነው ማለትም አትችልም።

ሥራ የሚባል ነገር ብቅ ያለው ጎንደር ከተማ ላይ አዲስ ሆቴል በሚያሠሩት በአቶ ሐብተ ማርያም በኩል ነው። «እንግዳ ሲገባ ቆሞ የሚያየው የባሕር ገንዳ እፈልጋለሁ። አንድ ትንሽ ሠርተህ አሳየኝ፤ ካማረኝ ሥራው ያንተ ነው» አሉት አዳነን። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዓይናዲስ ቤት ባሕር ገባበት።

መጀመሪያ ሶፋው ወጣ፤ በቦታው ሬሳ ሣጥን የሚያህል የመስታወት ገንዳ ገባ። ቀጥሎ መስኮቱ ተሸፈነ።

«ምነው? እኔ በምን ብርሃን ልጥለፍ?» አለች ዓይናዲስ፣ ጥልፏን እንደያዘች።

«እታለም፣ ፀሐይ ከገባ ውኃው አረንጓዴ ይሆናል። ኮራል የሚፈልገው የራሱን መብራት ነው።»

ኮራል የሚለው ድንጋይ መስሎ ነፍስ ያለው የባሕር ፍጥረት ነው፤ ብርሃን እየበላ ይኖራል አላት። መብራቱን ከኮርኒሱ እንጨት ላይ በሽቦ ሲያንጠለጥል ወንበር ላይ ያቆማት እሷን ነው። ትንሽ ከፍ፣ አይ ዝቅ፣ አሁንም ከፍ። ዝቅ ካለ ያቃጥለዋል፤ ከፍ ካለ ይርበዋል። እጇ ዛለ። ጥልፏን ይዛ ደጅ መቀመጥ ጀመረች፤ ንፋስ ክሩን እያወሳሰበባት። ቤቱ ውስጥ ሰማያዊ ብርሃን ሲበራ ያየችው ይመኙሽም፣ «ምነው ዓይናዲስ፣ ቤትሽ የጠንቋይ ቤት መሰለ? ወይስ ሲኒማ ከፈታችሁ?» አለቻት።

«መብራቱ እስኪጠፋ ጠብቂ፤ ያን ጊዜ የክርስቲያን ቤት ይሆናል» አለች ዓይናዲስ። መብራቱም ብዙ አላስጠበቃትም።

ከመብራቱ የባሰው ግን ድንጋዩ ነው። ጌቾ የሚባል የከባድ መኪና ሾፌር፣ የአዳነ ጓደኛ፣ ከጅቡቲ ነጭ፣ ቀዳዳማ ድንጋይ አምጥቶለታል። ኮራሉ የሚቀመጠው በዚያ ላይ ነው። ዝም ብሎ መቆለል አይሆንም፤ ውኃ በመካከሉ እንዲያልፍ፣ ዓሣው የሚደበቅበት ዋሻ እንዲኖረው ሆኖ መደርደር አለበት። አዳነ ይደረድራል፤ ድንጋዩ ይናዳል። እንደገና ይክባል፤ እንደገና ይናዳል። ዓይናዲስ ደጅ ሆና ድው ባለ ቁጥር ከጥልፏ ቀና ትላለች፤ መስታወቱ ተሰበረ እያለች። መጨረሻ ላይ አዳነ፣ «ያለ ማጣበቂያ አይሆንም። ባሕር ዳር አንድ ልጅ ጋር ለዚሁ የተሠራ አለ» ብሎ ሄደ። ነገ እመለሳለሁ እንዳለ መንገዱ ተዘጋ። ስልኩም አልሠራ አለ።

በዚህ መካከል የአቶ ሐብተ ማርያም መልእክተኛ መጣ። «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጥተው ያያሉ። ካልደረሰ ለሌላ ሰው ይሰጣሉ» አለ።

ዓይናዲስ ቆማ የተናደውን ድንጋይ አየችው። ያሳደገችው ልጅ፣ የተወችው ትምህርት፣ ያ ሁሉ ጥልፍ፣ አንድ የድንጋይ ክምር ላይ መጥቶ ቆመ። ስለዚህ አያ በላቸውን ጠራች። አያ በላቸው የግንብ ጥገና ላይ የኖሩ ግንበኛ ናቸው፤ ጎረቤት ሁሉ አጥር ሲወድቅበት እሳቸውን ይላል።

አያ በላቸው ገንዳውን ዞረው አዩት። «ይሄ ነው እንዴ የተማረ ሰው ካብ? እረኛ ለጥጃ የሚሠራውም ይበልጠዋል።»

«ውኃ ውስጥ የሚገባ ነው አያ። ማጣበቂያ ያስፈልጋል ብሎ ሄደ።»

«የምን ማጣበቂያ? የፋሲልን ግንብ ስንት ዘመን ያቆመ ኖራ ለአንዲት ጋን ውኃ ሊያንስ ነው?»

ዓይናዲስ አሰበች። ኖራ ድንጋይ ነው፤ ድንጋይ ከድንጋይ ምን ይጣላል? «እንግዲህ እርስዎ ያውቃሉ» አለች።

አያ በላቸው ኖራውን ለወሱ፤ እንዲፈጥን ብለው ሲሚንቶም ጣል አደረጉበት። ገንዳው ውስጥ እጃቸውን እስከ ብብታቸው ከትተው፣ ምላሳቸውን ነክሰው ሠሩ። ሲጨርሱ ልክ የግንቡን በር የመሰለ ቅስት ቆሞ ነበር፤ ግራና ቀኙ ላይ እንደ እንቁላል የሞለሉ ትንንሽ ማማዎች። ዓይናዲስ በዚያ ገንዳ ሸጋ ነገር ስታይ የመጀመሪያዋ ነው።

አዳነ መንገዱ ተከፍቶለት የደረሰው ዓርብ ቀን፣ ማጣበቂያውን በቦርሳው ይዞ ነው። ቅስቱን አየና ቆመ።

«ማን ነው የሠራው?»

«አያ በላቸው። ደርቋል፤ ነካ አድርገው።»

«በምን አጣበቁት?»

«በኖራ።»

አዳነ መሬት ላይ ተቀመጠ። አልጮኸም፤ ቢጮኽ ይሻላት ነበር። «እታለም፣ ኖራው ውኃውን ያከረዋል። ኮራሉን ያቃጥለዋል። ውኃ እየቀየሩ ሳምንታት መዘፍዘፍ አለበት።»

«ውኃ?» አለች ዓይናዲስ። ቧንቧው የሚመጣው ደስ ባለው ቀን ነው፤ እንስራ ለመሙላት ሌሊት የምትነሣው እሷ ናት።

ድንጋዩን ሊያወጣው ሞከረ። አያ በላቸው እዚያው ገንዳው ውስጥ ስለ ሠሩት ቅስቱ ከገንዳው አፍ ይሰፋል። ሊያላቅቀው ሞከረ፤ ኖራው ያዘ። በመዶሻ ቢመታው የሚሰበረው መስታወቱ ነው። «የሚፈርስ ነገር አይሠሩም እንዴ እኒህ ሰውዬ?» አለ አዳነ፤ ዓይናዲስ ሳቅ ሊያመልጣት ሲል አፏን ያዘች።

ቅዳሜ ጌቾ ኮራሉን በላስቲክ ከረጢት አድርጎ አመጣ። መንገድ ላይ ቆይቷልና ግማሹ ገርጥቷል። ሌላ ማስቀመጫ ስላልነበረ አዳነ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ የጨው ውኃ ሞልቶ አስገባውና መብራቱን ወደዚያ አዞረው። ገንዳውን ደግሞ ባዶ ከሚታይ ብሎ ዓይናዲስ በየእንስራው ባጠራቀመችው ውኃ ሞላው። ማታ መብራት ጠፋ። ሳፋው ውስጥ ውኃ የሚያንቀሳቅሰው ሞተር ቆመ። ሲነጋ ኮራሉ አፈር መስሎ ይሸት ነበር።

እሑድ አቶ ሐብተ ማርያም ነጠላቸውን እንዳጣፉ ገቡ። መብራት ተመልሶ፣ አዳነም አምፖሉን ወደ ገንዳው አዙሮት ነበርና ቅስቱ በሰማያዊው ብርሃን ውስጥ ቆሞ አገኙት። ገንዳውን ዞረው አዩት።

«ይሄማ ግንቡ ነው» አሉ።

«ጋሼ፣ ዋናው ነገር ኮራሉ ነው» አለ አዳነ፣ ወደ ሳፋው እየጠቆመ። «ትናንት መብራት ባይጠፋ ኖሮ...»

አቶ ሐብተ ማርያም ጎንበስ ብለው አይተው አፍንጫቸውን ያዙ። «ይሄ የበሰበሰ ጎመን? ተወው ልጄ። ቱሪስት የሚፈልገው ይሄን ነው፤ ግንብ ውኃ ውስጥ። ማን ሠራው?»

ዓይናዲስ ዝም ልትል አሰበች። «አያ በላቸው የሚባሉ ግንበኛ ናቸው» አለች።

«ሆቴሉም ላይ ትልቁን እሳቸው ይሥሩት። ይሄንም ለጊዜው እወስደዋለሁ። ከጣና ቀረሶ ዓሣ አምጥተን እንለቅበታለን።»

«የባሕር ገንዳ እኮ የጨው ውኃ ነው፤ ቀረሶ አይኖርበትም» አለ አዳነ።

«ታዲያ ጨዉን ምን አመጣው? አንተም ና፤ ቀረሶውን ትመግባለህ፣ መስታወቱን ትወለውላለህ። ዓሣ ተምረህ የለም?»

ሰውዬው ከሄዱ በኋላ አዳነ ሳፋውን ደጅ አውጥቶ ደፋው። ተመልሶ ገባና፣ «አልሄድም። ለዚህ ነው የተማርሁት?» አላት።

«ለዚህ አይደለም» አለች ዓይናዲስ። «እኔም ትምህርቴን ለዚህ አልተውሁም። የመጣው ግን ይሄ ነው።»

«አንቺ ብትሆኚ ትሄጃለሽ?»

«እኔን ማን ጠራኝ?» አለችው።

ሰኞ ጠዋት የጭነት መኪና በር ላይ ቆመ። የገንዳውን ውኃ ቀድተው ቀለል አደረጉትና ሦስት ሰው ሦስቱን ጥግ ያዘ። አራተኛው ጥግ ክፍት ነበር። ዓይናዲስ አዳነን አላየችውም፤ ራሷ ልትይዝ ወደ ክፍቱ ጥግ ሄደች። አዳነ ከኋላዋ መጥቶ ትከሻዋን ገፋ አደረገና ጥጉን ያዘ።

«ቀስ በል ልጄ» አሉ ከፊት የያዙት አያ በላቸው፣ «ቅስቴን እንዳትነቀንቃት።»

 አዳነ አንገቱን ደፍቶ፣ እግሩን ከበሩ ደፍ አሻግሮ ወጣ።