መሬት ያልነኩ መጋረጃዎች

መጋረጃ ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። አሠሪዋም ሰፊዎቹም «እትዬ ሜትር» ነው የሚሏት። እሷ የቆረጠችው ጨርቅ አጠረ ወይም ረዘመ ተብሎ አያውቅም። ይህን ታውቃለች፤ ሰውም እንዲያውቅላት ትፈልጋለች። ምክርም አያልቅባትም። የጎረቤት ልጅ ቴሌቪዥን ላይ ዓይኑን ተክሎ ካገኘችው እናቱን ትጠራና «ዛሬ ጥይት ያየ ነገ ድንጋይ ይወረውራል» ትላለች። እናትየው አንገቷን ትነቀንቃለች፤ ልጁም ማየቱን ይቀጥላል።

ሐሜት አይሁንብኝና፣ ይቺው ሴት እሁድ ከሰዓት፣ አብራት የምትኖረው ታናሽ እህቷ ጓደኞቿ ጋ ስትሄድ ጠብቃ፣ በሩን ትቀረቅርና ሰው እንደ በግ የሚታረድበት ፊልም ትከፍታለች።

ደህና ፊልም ቢሆን እንኳ ባልከፋ። የእሷ ምርጫ ርካሹ ነው። ጫካ የተባለው የሆነ ሰው ጓሮ ሆኖ ከገዳዩ ጀርባ የተሰጣ አንሶላ የሚወዛወዝበት፣ መጀመሪያ ላይ የሞተችው ልጅ ዊግ ቀይራ መጨረሻ ላይ ድጋሚ የምትሞትበት። ከሰፈሯ ፊልም ቤት አትገዛም። ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ በታክሲ ሌላ ሰፈር ትሄድና ፍላሿን ለሻጩ ትዘረጋለታለች። «ለወንድሜ ልጅ ነው» ትላለች። ወንድም የላትም። ማታ ግን አታይም፤ ማታማ ትፈራለች።

ምኑ ይጥማታል ቢባል፣ ደሙ አይደለም። ደሙ የቲማቲም ድልህ መሆኑን ታውቃለች። «አንቺ ልጅ፣ ምድር ቤት አትውረጂ» ትላታለች ፊልሙ ውስጥ ያለችውን ልጅ። ልጅቷ ትወርዳለች። ትንሽ ቆይቶ ጩኸት ይሰማል። «ተናግሬያለሁ» ትላለች እትዬ ሜትር፣ ትራሷን እያመቻቸች። ዕድሜ ልኳን መክራ ሰሚ ላጣች ሴት ይህ ትንሽ ደስታ አይደለም።

የሚያንገበግባት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ገዳዩ ሁልጊዜ መጋረጃ ጀርባ ይቆማል፤ መጋረጃው ደግሞ መሬት ድረስ ስለሆነ ጫማው አይታይም። «ከታች ስንዝር ቢተውላት ኖሮ ትተርፍ ነበር» እያለች ቆራጩን ትረግማለች።

እርግማኑ ቤት ቢቀር ጥሩ ነበር። አንድ አዲስ የእንግዳ ማረፊያ ለክፍሎቹ በሙሉ መጋረጃ አዘዘ፤ ልኩም መሬት የሚነካ ነበር። እትዬ ሜትር ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ጠመኔዋን ስታነሳ፣ አገር የማታውቅ፣ ብቻዋን የምታድር እንግዳ በሐሳቧ መጣችባት። እጇ ስንዝር ወደ ላይ ሸሸ። ቆረጠች። የቀሩትንም ከመጀመሪያው ጋር እንዲስማሙ አድርጋ ቆረጠቻቸው።

መጋረጃዎቹ ተሰቀሉ። የማረፊያው ባለቤት ደውሎ «ወንዝ ሊሻገሩ ሱሪያቸውን የሰበሰቡ ይመስላሉ» አለ።

አሠሪዋ ጠራት። ከአባቱ ሱቁን የወረሰ ነው፤ ጠረጴዛ ሥር ሲድህ ጀምሮ ታውቀዋለች። «ምላሴ» የምትባለው ሰፊ የመቁረጫውን መቀስ ከተመኘች ቆይታለችና፣ ስፒል በከንፈሯ እንደያዘች በሩ አጠገብ ሥራ ፈለገች።

«እትዬ፣ ልኩ ተሳሳተብሽ?»

እትዬ ሜትር አሰበች። «አዎ» ካለች ከነስሟ መቀሷ መሄዱ ነው። እውነቱን ካወጣች ጨዋነቷ ይሄዳል። ሁለቱን መዘነችና መቀሱን ማጣት ከበዳት።

«አልተሳሳትኩም። አውቄ ነው ያሳጠርኩት።»

«ለምን ሲባል?»

«ከጀርባው ሰው ቢቆም እግሩ እንዲታይ።»

«ማነው የሚቆመው?»

«ገዳይ። ፊልም ላይ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት። የሰው ማረጃ ፊልም አያለሁ፤ እሁድ እሁድ።»

ምላሴ ስፒሏን ከአፏ አወጣች። «እትዬ ሜትር? ዜና ላይ ሰው ሲገፋተር እንኳ ጣቢያ የምትቀይረው? ኧረ ተይ እታለም፣ ውሸት እንኳ አልለመደብሽም።»

አሠሪዋ ወንበር ሳበላት። «እትዬ፣ ዓይን ደከመ ማለት እኮ ነውር የለበትም።»

«ዓይኔ ደህና ነው፣ አንተ ልጅ። አየሁ እያልኩህ ነው።»

«አባቴም እንዲሁ ይል ነበር። የሱቁን መስታወት በር ገጭቶ እስኪወድቅ።»

መቀሱ ለምላሴ ተሰጠ። እትዬ ሜትር ወደ ዓይን ሐኪም ተላከች። ሐኪሙ መርምሮ እውነትም ትንሽ ድካም አገኘና መነጽር አዘዘላት፤ ቴሌቪዥን ለጊዜው ይቅርባት አለ። ወደ ሥራ ስትመለስ የማረፊያው መጋረጃዎች ጠበቋት። ለያንዳንዳቸው የስንዝር ቅጥያ ሰፋች፤ ምላሴም ሜትር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ እየዞረች ለካችባት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። ጨዋነቷ ግን፣ አውጥታ ብትሰጥም ተቀባይ ያጣው፣ አንድ ክር እንኳ አልተመዘዘበትም።

እህቷ የሐኪሙን ቃል እንደ ሕግ ያዘችው። «ለሰው ቤት መጋረጃ ስትይ ዓይንሽን ጨረስሽ» ብላ እሁድ መውጣቱን ተወች። ቴሌቪዥኑን በጨርቅ ሸፈነችው፤ አጠገቧ ተቀምጣም የማን ልጅ ከማን ጋር እንደታየ ታወራላት ጀመር። እትዬ ሜትር «እንዴ?» እያለች ትሰማለች። በአዲሱ መነጽሯ የቴሌቪዥኑን ጨርቅ ታየዋለች። በግራ በኩል ሁለት ጣት ይረዝማል። አልነገረቻትም።