አቶ መንግስተኣብ በቀዩ ቁልቁለት

አቶ መንግስተኣብ የመጀመሪያውን ግብዣ እሺ ብለው ተቀብለው አያውቁም። በለንደኑ የሆሎዌይ ሰፈር የሚያውቃቸው ሁሉ ይህን ጠባያቸውን ያውቃል። ወንበር ሲቀርብላቸው «ኧረ መቆሙ ይሻለኛል» ይላሉ፤ ሁለተኛ ሲለመኑ «ስለኔ አትቸገሩ» ይላሉ፤ በሦስተኛው ግን አመስግነው ይቀመጣሉ። ሳይለመን ማዕድ የሚቀርብ ሰው ሆዱን እንጂ ክብሩን አያውቅም ብለው ያሳደጓቸው እናታቸው ናቸው፤ እሳቸውም ይህን ትምህርት ከዳዊቱ እኩል ይዘውት ኖረዋል።

የተወለዱት አስመራ ነው። በደብሩ ቅጥር ፊደል ቆጠሩ፤ ዜማም ቀመሱ። ጎረምሳ ሲሆኑ ደግሞ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነጠላቸውን ለእህታቸው አስረክበው በብስክሌት ይሽቀዳደሙ ነበር። ለንደን ከገቡ በኋላ ጡረታ እስኪወጡ አውቶቡስ ነዱ። ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ኣብሪሃት ጋር ያሳደጓት አንዲት ልጅ ሃርነት ትባላለች። የዚህ ታሪክ መነሻም የእሷ እጮኛ ነው።

ጊዲዮን ይባላል። ወላጆቹ የአዲስ አበባ ሰዎች ናቸው፤ እሱ ግን ተወልዶ ያደገው ለንደን ነው። የወደፊት አማቶቹን ፊት ለማየት ናፍቆ አርችዌይ ወዳለው ቤቱ በጋበዛቸው ዕለት፣ የዶሮ ወጡ መዓዛ ገና ደረጃው ላይ ተቀበላቸው። እንግዶቹ ተቀመጡ፤ ጊዲዮንም፣

«እራት ላቅርብ?» አለ።

«የለም ልጄ፣ በልተን ነው የመጣነው» አሉ አቶ መንግስተኣብ፣ እንደ ወጉ።

«ኦኬ፣ ጥሩ» አለና ምድጃውን አጠፋ።

ባልና ሚስቱ ሁለተኛውን ልመና ሲጠባበቁ አመሹ። ልመናው አልመጣም። መዓዛውን ብቻ ተመግበው በአውቶቡስ ተመለሱ።

«ንፉግ ነው» አሉ አቶ መንግስተኣብ ቤት ገብተው ገና ወንበር ሳይዙ።

«ምናልባት ወጡ አላማረለት ይሆናል፤ አፍሮ ነው» አሉ ወይዘሮ ኣብሪሃት።

«አሸተትኩት እኮ፣ ኣብሪሃት! አምሮለታል። ልጄን ለንፉግ አልሰጥም።»

ይሁን እንጂ የጊዲዮን ሽማግሌዎች በመጪው እሑድ ሃርነትን ለመለመን እንደሚመጡ ቀን ተቆርጧል። ሃርነት ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ «አባዬ፣ ከመፍረድዎ በፊት አንድ ቀን ብቻ አብረውት ይዋሉ» ብላ ለመነች፤ ደግማ ለመነች፤ ሦስተኛም ለመነች። እሷስ ወጉን ታውቃለች። አባትየውም «መልካም፣ ሰው የሚታወቀው በመንገድ ነው» ብለው ፈቀዱ።

መንገዱ ግን ያሰቡት ዓይነት አልነበረም። ጊዲዮን ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማ ወጥቶ ከለንደን በስተደቡብ ባሉት የሰሪ ኮረብታዎች ላይ የተራራ ብስክሌት ይነዳል። አማቱ የድሮ ተሽቀዳዳሚ መሆናቸውን ሲሰማ ልቡ በደስታ ዘለለ፤ ከጓደኛውም አንድ ብስክሌት ተዋሰላቸው። አቶ መንግስተኣብ በዚያ ቅዳሜ ማለዳ ቁርስ ሳይቀምሱ ወጡ፤ በመንገድ መለመናቸው አይቀርምና።

«ቁርስ እንግዛ፣ አባባ?» አለ ጊዲዮን መኪናውን እየነዳ።

«የለም፣ ደህና ነኝ።»

«ኦኬ።»

ከጫካው ዳር ሲደርሱ ከእግር እስከ ራሳቸው ጭቃ የለበሱ እንግሊዞች እየሣቁ ይወጣሉ፤ ንጹሖቹ ደግሞ እየተጣደፉ ይገባሉ። አቶ መንግስተኣብ ማንም ሳያስገድደው ጭቃ ላይ ሊወድቅ ከሩቅ የሚመጣ ሕዝብ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። የተሰጣቸው ብስክሌት ጎማው የትራክተር የቅርብ ዘመድ ይመስላል። በመንገዱ አፍ ላይ የየመንገዱን ክብደት የሚያሳዩ ባለ ቀለም ምልክቶች ቆመዋል።

«ሰማያዊው ትሬይል ቀላል ነው፤ ቀዩ ከበድ ይላል። የትኛው ይሻልዎታል?»

በአገር ቤት ቢሆን ይህ ጥያቄ መልስ አያሻውም ነበር። ታናሹ የታላቁን ሽበት አይቶ ቀላሉን ይመርጣል፤ ከታላቁ የሚጠበቀው ምርጫውን በአክብሮት መመለስ ብቻ ነው።

«እንዳሻህ፣ ልጄ» አሉ።

የጊዲዮን ፊት በራ። «ሪሊ? እኔ የምወደው ቀዩን ነው!»

ወደ ላይ ያለውን ዳገት ግማሹን እየነዱ፣ ግማሹን እየገፉ ወጡት። ከላይ ሲደርሱ ጊዲዮን ከሰቨን ሲስተርስ ሰፈር የገዛውን የምስር ሳምቡሳ ከቦርሳው አወጣ።

«ሳምቡሳ ይበላሉ?»

«የለም፣ አንተ ብላ።»

በላ። አቶ መንግስተኣብ እያንዳንዷን ሳምቡሳ ከወረቀቱ እስከ አፉ ድረስ በዓይናቸው ሸኟት። የመጨረሻዋ ስትሄድ በልባቸው የፍርዱን ማኅተም አተሙ፤ ነገ ለሽማግሌዎቹ የሚሰጡት መልስ «የለንም» ነው።

ከዚያ ቁልቁለቱ ጀመረ። የዛፍ ሥርና ድንጋይ ተደራርበው ደረጃ የሠሩበት፣ በሁለት ወገን ጥድ የቆመበት ጠባብ መንገድ ነው። የአስመራው ጎረምሳ በልባቸው ውስጥ ነቅቶ «ሂድ!» አላቸው፤ የሰባ ዓመቱ ጉልበት ግን ሌላ ቋንቋ ይናገር ነበር። ገደል የወጡትን ጻድቁን አቡነ አረጋዊን ጠሩ፤ ሆኖም የሳቸው ችግር መውጣት ሳይሆን መውረድ መሆኑ ትዝ ሲላቸው ወደ ቅዱስ ገብርኤል ዞሩ። በዚህ መካከል አንድ ትልቅ ሥር ከፊታቸው ተጋረጠ። አቶ መንግስተኣብ በአውቶቡስ ዘመናቸው እንደለመዱት ፍሬኑን በሙሉ ኃይላቸው ያዙት። ብስክሌቱ ታዛዥ ነበርና ወዲያው ቆመ። እሳቸው ግን ጉዟቸውን ቀጠሉ።

ያረፉት በረገፈ ቅጠልና በጭቃ ክምር ላይ ነው፤ ምሕረቱ የበዛ አምላክ ድንጋዩን አሳልፏቸዋል። ጊዲዮን ብስክሌቱን ጥሎ እየሮጠ መጣ።

«አባባ! ተጎዱ እንዴ?»

«ምንም አልሆንኩም።»

«ላንሳዎት?»

«የለም የለም፣ አትቸገር።»

«ተመስገን!» አለና በእፎይታ አጠገባቸው ቁጭ አለ።

አቶ መንግስተኣብ ጭቃው ላይ እንደተጋደሙ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቁ። አንዲት እንግሊዛዊት ብስክሌቷን አቁማ፣ «ሰውየው ደህና ናቸው?» አለች። ጊዲዮንም «ደህና ነኝ ብለዋል» ብሎ አሰናበታት። ዝናብ ማካፋት ጀመረ።

«አባባ፣ ለምንድነው የማይነሱት?»

«አየሩ ጥሩ ነው።»

ውሃው ግን ከአንገትጌያቸው እስከ ወገባቸው መንገድ አገኘ። በመጨረሻ አቶ መንግስተኣብ ዓይናቸውን ወደ ጥዶቹ መልሰው፣ «ጉልበቴ እምቢ ብሎኛል» አሉ በዝግታ።

ጊዲዮን ብድግ አለ። «ምንም አልሆንኩም አሉኝ እኮ!»

«ብያለሁ። አንተስ ለምን ደግመህ አልጠየቅህም?»

«እንዴት ደግሜ እጠይቃለሁ? እርስዎ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነዎት። ደግሜ ብጠይቅ ዋሽተዋል ማለቴ አይሆንም?»

ይህ ቃል ከውድቀቱ ይልቅ አመማቸው። የሰው ቃሉ አዎ ከሆነ አዎ፣ አይ ከሆነም አይ እንዲሆን ከሕፃንነታቸው ጀምረው በዐውደ ምሕረት ሲሰሙ ኖረዋል፤ ከልባቸውም አሜን ብለዋል። ሆኖም «ጠግቤያለሁ» ብለው ተርበው ያደሩበትን ቀን ማን ይቆጥረዋል?

«ያን ዕለት፣» አሉ እየተጨነቁ፣ «ዶሮ ወጡን...»

«በልተናል አላችሁኝ! እናቴ በስልክ እያሳየችኝ ቀኑን ሙሉ ሽንኩርት ሳቁላላ ውዬ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ብቻዬን በላሁት።» ከዚያ ነገሩ ገባውና እጁን በራሱ ላይ ጫነ። «ርቧችሁ ነበር?»

«ቤት ደርሰን ዳቦ በሻይ በላን።»

«ኖ፣ ኖ፣ ኖ! ሳምቡሳውስ?»

አቶ መንግስተኣብ የእጃቸውን ጭቃ መጥረግ ጀመሩ። ጊዲዮን ጀርባውን ሰጥቶ ተንበረከከና፣ «ላዝልዎት?» አለ። «የለም» የሚለው ቃል ከምላሳቸው ጫፍ ደርሶ ነበር፤ በግድ ዋጡትና «እሺ» አሉ። አዝሏቸው ሲወርድ የሚያልፉት ብስክሌተኞች አጨበጨቡላቸው። አቶ መንግስተኣብም፣ ምን ያደርጋሉ፣ እንደ ጳጳስ እጃቸውን አነሱላቸው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። መሪያቸው የጊዲዮን አጎት አቶ ፀሐዬ ናቸው፤ በንግግር አዋቂነታቸው ሰቨን ሲስተርስ ድረስ የሚፈለጉ ሰው። ጊዲዮን እንደ ወጉ አልገባም፤ ከሕንፃው በታች መኪናው ውስጥ ይጠብቃል።

ወይዘሮ ኣብሪሃት ባላቸውን ወደ ኩሽና ጠሩ። «ለዛሬ ዘመድ እናማክር ብለህ መልሳቸው። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል የሴት ልጅ አባት የት ታይቷል? ልጃችን የተጣደፈች ትመስላለች።»

«ይህ ልጅ ዘመድ እናማክር ብንለው እምቢ አሉ ብሎ ያምናል» አሉ አቶ መንግስተኣብ። «መኪናውን አስነሥቶ ይሄዳል። አይመለስም፣ ኣብሪሃት! አውቀዋለሁ።»

በሳሎኑ አቶ ፀሐዬ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ክቡራን ሆይ፣ ከደጃችሁ የቆምነው...»

«ሰጥተናል» አሉ አቶ መንግስተኣብ።



«ምኑን?» አሉ አቶ ፀሐዬ።

«ልጃችንን።»

«ኧረ ቆይ እንጂ! ገና መች ለመንን? እኔ እኮ ለሦስት ጊዜ የሚሆን ተዘጋጅቼ ነው የመጣሁት!» ወደ ጓደኞቻቸው ዞረው አዩ፤ እነሱም እንደሳቸው ግራ ተጋብተዋል። «ቢያንስ አንድ ጊዜ እምቢ በሉን። የእኛንም ክብር ጠብቁልን!»

«ንግግሩን ያድርጉት፣ እንሰማዎታለን» ብለው ወይዘሮ ኣብሪሃት ገላገሉ። አቶ ፀሐዬም ቅር እያላቸው፣ የተሰጣቸውን ለመለመን ከመጀመሪያው ጀመሩ።

አቶ መንግስተኣብ ግን አልተቀመጡም። እያነከሱ ወደ ሰገነቱ ወጡና የብረቱን አጥር ተደግፈው ወደ ታች ተጣሩ።

«ጊዲዮን! እሺ ብለናል!»

ጊዲዮን ከመኪናው ወጥቶ ቀና አለ። ፊቱ ላይ ደስታና ጥርጣሬ ተቀላቅለዋል፤ ማታውን ሃርነት ስለ ወጉ አንድ በአንድ አስረድታው ነበርና።

«እርግጠኛ ነዎት፣ አባባ?»

«እርግጠኛ ነኝ!»

«ግን... በእውነት?»

የሰፈሩ ጎረቤት በየመስኮቱ ብቅ ብቅ ማለት ጀመረ። አቶ መንግስተኣብ የሚያማቸውን ጉልበት ይዘው፣ «አንተ ልጅ፣ ስንት ጊዜ ልበልህ?» ብለው ጮኹ።

«አንዴ ብቻ ይድገሙልኝ!» አለ ጊዲዮን።

«እሺ ነው! እሺ! ውጣና ብላ፤ ወጡ ሊቀዘቅዝ ነው!»

ጊዲዮን ደረጃውን ሦስት ሦስቱን እየዘለለ ወጣ። አቶ ፀሐዬ ገና ልመናቸውን አልጨረሱም ነበር።