ብራንች ማለት ቁምሳ ነው

ባለፈው ሳምንት ቡታጅራ ዋናው መንገድ ላይ አዲስ ካፌ ተከፈተ። በሩ ላይ በትልልቅ ቀይ ፊደል «እሁድ እሁድ ብራንች አለን» የሚል ተጽፏል። ሻይ ልጠጣ ጎራ ብዬ ተቀምጬ ሳለሁ አንድ ሽማግሌ ገቡና የባንክ ደብተራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አስተናጋጇን «ልጄ፣ የየትኛው ባንክ ብራንች ነው?» ብለው ጠየቋት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። ተነሥቼ «አባቴ፣ ባንኩ ማዶ ነው» አልኳቸውና መንገዱን አሻገርኳቸው፤ ሻዬን ሳልጨርስም ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሚስቴ «ምነው ፊትህ?» ብትለኝ «ምንም» አልኳት። ይኸው ከሃያ ዓመት በላይ ምንም እያልኩ ነው የኖርኩት።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። የእጽዋት በሽታ እንዳጠና ዕድል ወጥቶልኝ ለሁለት ዓመት ሜልቦርን፣ አውስትራሊያ ልሄድ ተነሣሁ። በዚያው ሰሞን ከእንሴኖ ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን የአባቴ የእንሰት ጓሮ አጠውልግ ገብቶበት ነበር። በሽታውን ያላየ ሰው ደስ ይበለው። መጀመሪያ መሀል ላይ ያለው ቅጠል ቢጫ ይሆናል፤ ከዚያ ጫፉ ይታጠፍና ይንጠለጠላል፤ ሲቆርጡት መግል የመሰለ ነገር ያወጣል። እንሰት ደግሞ እንደ በቆሎ በዓመቱ አይደርስም። ስንት ዓመት የለፉበት ነገር ዓይናችሁ እያየ ይበሰብሳል።

አባቴ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝ። ሰዓት አምጣልኝ፣ ካፖርት አምጣልኝ አላለኝም። «ሸምሱ፣ ነጮቹ መላውን ያውቁት ይሆናል። እስኪ ጠይቅልኝ» ብቻ አለኝ። እኔም አፌን ሞልቼ «ኢንሻአላህ፣ ይዤልህ እመጣለሁ» አልኩት።

ሜልቦርን የደረስኩት በእነሱ ክረምት መግቢያ ላይ ነው። ጉድ እኮ ነው፣ እኛ ዘንድ ሐምሌ ሲዘንብ እዚያም ይዘንባል። አስተማሪዬ ዶክተር ሩት የምትባል፣ ስትራመድ የምትሮጥ የምትመስል ሴት ነበረች። አንድ ዓርብ ኮሪደር ላይ አስቆመችኝ። ሚስተር ሃሮልድ የሚባሉ ሽማግሌ ባለሀብት አሉ፤ በየዓመቱ አንድ ተማሪ መርጠው በአገሩ ሰብል በሽታ ላይ ምርምር ያሠራሉ። «ስለ እንሰትህ ነግሬያቸው ሊያዩህ ፈልገዋል» አለችኝ። «እሁድ ረፋዱ አምስት ሰዓት፣ ብራንች፣ ካርልተን፣ ከባንኩ ፊት ለፊት።»

እኔ ከዚህ ውስጥ የሰማሁት ብራንች የሚለውንና ባንክ የሚለውን ነው። እኛ አገር ብራንች የሌለው ባንክ የት አለ? «ፊት ለፊት» ያለችውን ደግሞ በሩ ፊት ማለቷ ነው ብዬ ለራሴ ተረጎምኩት። ምነው ደግመህ ብትጠይቃት? ትሉኝ ይሆናል። ሁለተኛ ብጠይቃት እንግሊዝኛ አይችልም ትለኛለች ብዬ ፈራሁ። አለቀ።

እሁድ ዕለት ወልቂጤ ያሰፋሁትን ሱፍ ለብሼ፣ የታመመውን እንሰት ፎቶግራፎች በፋይል ይዤ ባንኩ በር ላይ ቆምኩ። በሩ ዝግ ነው። ፈረንጅ ሥራ ይወዳል፣ እሁድም ይከፍታል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ካፊያው ጫማዬን ዘልቆ ገባ። ከመንገዱ ማዶ መስኮቱ በእንፋሎት የደበዘዘ አንድ ካፌ ነበር፤ ሰዎች ጥላ ዘርግተው ለመግባት ተሰልፈዋል። ሰው ለምግብ እንዲህ ሲሰለፍ አይቼ የማውቀው እርዳታ ሲታደል ነው። ምን ቸግሯቸው ይሆን? እያልኩ፣ የትኩስ ዳቦና የቡና ሽታ እየመጣብኝ፣ እስከ ሰባት ሰዓት ቆሜ ተመለስኩ።

ሰኞ ዶክተር ሩት «የት ጠፋህ?» አለችኝ። «እንዴ! ሁለት ሰዓት ሙሉ ብራንቹ በር ላይ ቆሜያለሁ» አልኳት። ነገሩ ሲገባት እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ፊቴን ስታይ ግን እንባዋን ጠረገች። «ሚስተር ሃሮልድ በመስኮት እያዩ "የዚህ ባንክ ዘበኛ እንዴት ያለ ሱፍ ለብሷል!" ብለውኝ ነበር» አለችኝ። «እኔ አብሬያቸው ብቀመጥም ለመስኮቱ ጀርባዬን ሰጥቼ ስለነበር ዞር ብዬም አላየሁ።» ሰውዬው ቀጠሮ ካፈረሰባቸው ሰው ጋር ሁለተኛ ቀጠሮ የማይዙ ኖረዋል። ስልክ ብትደውልላቸው እምቢ አሉ። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሚስተር ሃሮልድ እሁድ እሁድ ከዚያ ሰፈር ካፌ አይጠፉም፤ የሚበሉበትን ግን ይቀያይራሉ። አረንጓዴ ኮፍያ ከራሳቸው አይወርድም። «ድንገት ካገኘሃቸው ራስህ ንገራቸው» አለችኝ።

አብሮኝ የሚኖረው ነስሩ የወራቤ ልጅ ነው፤ አካውንቲንግ ይማር ነበር። አዲስ አበባ ስላደገ ከማንም ጋር ይግባባል። ማታ ጉዴን ነግሬው «ለመሆኑ ብራንች ምንድን ነው?» አልኩት።

«ቁምሳ ነዋ!» አለኝ።

«ምን ቁምሳ?»

«አቦ ፋራ አትሁን! ቁርስና ምሳ አንድ ላይ። ካምፓስ እያለን ብር ሲያልቅብን አምስት ሰዓት ላይ አንዴ በልተን እንውል አልነበር? እሱ ነው። እነሱ ብር ሲተርፋቸው ያደርጉታል።»

ሳቅሁ። ከዚያ ደግሞ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ። የአባቴ ጓሮ ቁምሳ የሚባል ነገር ባለማወቄ ሊጠፋ ነው።

ከዚያች እሁድ ጀምሮ እኔና ነስሩ ካርልተንን ቤት ለቤት አሰስነው። ተራ የተማሪ ሽርሽር የሚመስለው ይምሰለው። አንድ ቡና ለሁለት አዝዘን አረንጓዴ ኮፍያ እንፈልጋለን። በዚያው የአገሩን አመል ለመድን። እንቁላሉን ያለ ቅርፊቱ ውሃ ውስጥ ቀቅለው ቢጫ መረቅ ያፈሱበታል። አቮካዶ ዳቦ ላይ ይለቀልቃሉ። ሳህኑ ጥግ የአሳማ ሥጋ እንዳይኖር ነስሩ አሥር ጊዜ ይጠይቃል። ውሻ ከነጌታው ይገባል፤ ጋዜጣው ከሰው ሰው ይዞራል፤ አንድ ቁምሳ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ማኪያቶ ብዬ ባዝዝ እንደ መድኃኒት በትንሽዬ ብርጭቆ ጥቁር ነገር ሰጡኝ። አንዲት አስተናጋጅ ደግሞ ይርጋጨፌ የሚል ከሰሌዳው ላይ አንብባ «የሎሚ ጣዕም አለው» አለችኝ። እኔ እናቴ ቤት ቡና በቅቤና በጨው የጠጣሁ ሰው ነኝ። ጨው እንድታመጣልኝ ብለምናት ዓይኗ ፈጠጠ። ነስሩ «ሙድ የያዝክባት መስሏት ነው» እያለ እስከ ቤት ድረስ ሳቀብኝ። እውነቱን ለመናገር አንዳንዴ የመጣሁበትን ረስቼ ደስ ይለኝ ነበር። ወዲያው ቢጫው ቅጠል ትዝ ሲለኝ የጠጣሁት ይመረኛል።

በሰባተኛው እሁድ አገኘኋቸው። ጥግ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል፤ አረንጓዴ ኮፍያቸውን አድርገው እንጉዳይ ይቆርጣሉ። ቀረብኩና ማንነቴን ነገርኳቸው፤ የባንኩ በር ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ አልኳቸው። ሽማግሌው ሳቁ፤ የክፋት ሳቅ አልነበረም። ፊት ለፊታቸው ያለውን ወንበር በእጃቸው እያሳዩ «ዘበኛው! ተቀመጥ እንጂ። በልተሃል? የምትፈልገውን እዘዝና ስለዚያ ተክልህ አጫውተኝ» አሉኝ።

ከነጋ እህል አልቀመስኩም ነበር። ነገር ግን በእኛ ቤት ሥርዓት በመጀመሪያው ግብዣ ዘሎ የሚቀመጥ ሆዳም ነው። ትልቅ ሰው ማዕድ ላይ ደግሞ ጭራሽ! አንዴ እምቢ ትላለህ፣ ሁለቴ እምቢ ትላለህ፣ «በሞቴ» ሲሉህ ትቀመጣለህ። «አመሰግናለሁ፣ በልቻለሁ፤ አልረብሽዎትም» አልኳቸውና ሁለተኛውን ጥሪ ቆሜ ጠበቅሁ።

ቀና ብለው አዩኝ። «እንግዲህ እንደፈለግህ። መልካም እሁድ» አሉና ጋዜጣቸውን ገለጡ።

ያ አገር በሞቴ አይልም። ነስሩ ከበሩ አጠገብ ሆኖ በእጁ ተቀመጥ፣ ተቀመጥ ይለኛል። እኔ ወንበሩን እያየሁ ቆምኩ። እምቢ ካልኩ በኋላ ራሴ ስቤ ልቀመጥ? ፋይሉ ብብቴ ስር እንዳለ ወጣሁ። ውጭ ነስሩ «ምን ሆነሃል አንተ? ቁጭ በል ሲልህ ቁጭ ማለት ያቅትሃል?» ብሎ ጮኸብኝ። ያቅተኛል። በሚቀጥለው ወር ሚስተር ሃሮልድ ሌላ ተማሪ መምረጣቸውን ሰማሁ።

የቀረውን ጊዜ በሌላ ሰው የስንዴ በሽታ ላይ ሠርቼ፣ ዲግሪዬን ይዤ ተመለስኩ። አባቴ እንሴኖ አውቶብሱ የሚቆምበት ድረስ መጥቶ ተቀበለኝ። በመንገድ አንድም ነገር አልጠየቀኝም። ቤት ደርሰን ውሃ ከጠጣሁ በኋላ እጄን ይዞ ወደ ጓሮ ወሰደኝ። ግማሹ አልቋል፤ ግማሹ ገና አረንጓዴ ነው።

«እህ፣ ምን አሉ?» አለኝ።

የባንኩን በር ልንገረው? ቁምሳውን? በልቻለሁ ማለቴን? ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና «መድኃኒት የለውም አሉ» አልኩት።

«እነሱም?»

«እነሱም።»

በማግስቱ ከንጋቱ የሱብሂ ሶላት በኋላ በመጥረቢያ ድምፅ ነቃሁ። አባቴ ጓሮውን ከዳር ጀምሮ እየጣለው ነበር፤ የታመመውንም፣ ጤነኛውንም። «አባ፣ ይሄ እኮ ጤነኛ ነው!» ብዬ እጁን ያዝኩት። «ዛሬ ነው ጤነኛ» አለኝ። «ልጄ እዚያ ድረስ ሄዶ የለም ካለኝ የለም ነው።» ያን ጊዜ ልነግረው እችል ነበር። እጁን ለቀቅሁት።

በቦታው ባሕር ዛፍ ተከለ። እስኪሞት ድረስ ለመጣው ሰው ሁሉ የጓሮውን ነገር ሲያወራ እኔን ያመሰግን ነበር፤ ሰው ሲሰማ «ልጄ ነው በከንቱ ከመልፋት ያዳነኝ» ይላል። እኔ እዚያው ተቀምጬ እሰማለሁ።

መድኃኒቱ በእርግጥም አልተገኘም። መላ ግን ነበረው፤ የታመመውን ነቅሎ መቅበር፣ ቢላዋውን እሳት ላይ ሳያቃጥሉ ሌላውን አለመንካት። ይህንን ከሁለት ዓመት በኋላ በአንድ ሥልጠና ላይ ተማርኩና ለገበሬው ሁሉ ሳስተምር ኖርኩ። በአባቴ ጓሮ ያኔ ከባሕር ዛፍ በቀር ማስተማሪያ የሚሆን አልነበረም። ጎረቤታችን ጋሽ ከድር ግን የነገርኳቸውን አደረጉ። የእሳቸው እንሰት ዛሬም ቆሟል፤ ለዓረፋ የምንበላውን ቆጮ የምገዛው ከእሳቸው ቤት ነው።

ባለፈው ሄጄ ሳለ ጋሽ ከድር በአጥሩ ላይ የእኛን ባሕር ዛፍ እያዩ «አላህ ይማረውና አባትህ ትንሽ ቢታገስ ኖሮ» አሉኝ።

ታግሶ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ጓሮው ላይ መጥረቢያ ሳያነሣ እኔን ነው የጠበቀው። ይህንን ግን አልነገርኳቸውም፤ ቆጮውን ተቀብዬ «እውነትዎን ነው» አልኳቸው።