በሁዳዴ የቀመስኩት ቀይ ወጥ

በሰው አገር፣ ቶንፒንግ በሚባል ሰፈር፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ የእኛ ሰው ሆቴል ስድስት ዓመት ወጥ ሠርቻለሁ። በሙያዬ ማንም አይመጣብኝም ነበር። በጾም ለእንግዶች ሥጋ ስሠራ እንኳ ሳልቀምስ፣ በጠረኑና በእጄ ልክ ብቻ ድስቱን አወጣው ነበር።

ከዚያ ልቤ ታመመ። መድኃኒቱን ዕድሜ ልክሽን አታቋርጪም ተባልኩ። ኪኒኑ ትንፋሼን መለሰልኝ፤ አፌን ግን ወሰደው። መጀመሪያ ብረት ብረት አለኝ፣ ኋላ ጭራሽ ምንም። ጠዋት ከዋጥኩት እስከ ቀትር ይደብተኛል፤ አሁን ያደረግሁትን አሁን እረሳለሁ። ሐኪሙም ሌላ ዓይነት እዚህ አይገኝም አለኝ። ለሆቴሉ ባለቤት ለእትዬ እንዴት ብዬ ልንገራቸው? ጣዕም የማታውቅ ወጥ ሠሪ ማን ያስቀምጣል? ካስወጡኝስ መድኃኒቱን በምን ልገዛ ነው?

ጉዴን የምታውቀው አብራኝ የምትሠራው ጓደኛዬ ብቻ ነበረች። ተደብቃ ትቀምስልኛለች። እሷ ጴንጤ ናት፣ ሁዳዴን አትጾምም፤ ስለዚህ በጾም ወቅት በሰው ፊት ብትቀምስልኝም ማንም አይጠረጥርም። ሁዳዴ ሲገባ እፎይ አልኩ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

አንድ ቀን ወባ ይዟት ቀረች። ቀይ ወጡን ብቻዬን ሠራሁ። ጨው ጨምሬ፣ ረስቼ፣ ደግሜ ጨመርኩ መሰለኝ። ከአዳራሹ አንድ የአገሬው ሰው «ሚሌ ከቲር!» ብሎ ሲጮህ ሰማሁ፤ ጨው በዛ ማለቱ ነው። እትዬ ሳህኑን ይዘው ገቡ።

«ምንድን ነው ይሄ? እስቲ ቅመሺው!»

«እትዬ፣ ጾም ላይ ነኝ እኮ።»

«ኧረ ተይ! እንግዳ ሁሉ ጥሎ ሲወጣ ነው ጾሙ? ቅመሺ አልኩሽ!»

እንጀራዬን ላድን፣ ኋላ ንስሐ እገባለሁ ብዬ አማተብኩና በማንኪያ ቀመስኩ። ጾሜን ገደፍኩ። ምላሴ ላይ ግን ሙቀት እንጂ ሌላ ነገር የለም። አስተናጋጆቹ ሁሉ አፍ አፌን ያያሉ። ሰውየው አጋኖም ይሆናል ብዬ ጨከንኩ።

«ልክ ነው» አልኩ። «ጨዉ ልክ ነው፣ እትዬ።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሳህኑን ቀስ ብለው አስቀመጡት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉኝ።

ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩ። «ማሌሽ፣ አይዞሽ፣ የኔ ልጅ። በቃ፣ ቤትሽ ሄደሽ እረፊ» አሉኝ። ሽርጤን አውልቄ ምስማሩ ላይ ሰቀልኩ።

አሁን ኒምራ ታላታ የሚባል ሰፈር፣ ቆርቆሮ ክፍሌ ውስጥ እውላለሁ። ኪኒኑን ጠዋት ጠዋት እውጣለሁ፤ ብተወው እሞታለሁ፣ ብውጠውስ ምን ሆኜ ልኖር ነው? እሱም ሊያልቅ ነው። ሌላ ሙያ የለኝም። ምን እደብቃለሁ፣ ተስፋ ቆርጫለሁ።

ለፋሲካ ጓደኛዬ ወጥ ይዛልኝ መጣች። በእኔ ቦታ ያስገቡት እሷን ነው፤ እኔው እንዳሳየኋት ሠርታዋለች። አጎረሰችኝና፣ ሳታስበው አምልጧት፣ «ጨዉስ?» አለችኝ።

«ልክ ነው» አልኳት።

ሁለተኛውን ጉርሻ እንደያዘች አንገቷን ደፋች።