ለዱላዎቹ የቀዘቀዘ ቤት

ዋቲ ጊልክሪስት ዕድሜውን ሙሉ ሥጋ ሲሸጥ የኖረ፣ ብርድን ከልጅነቱ የለመደ ሰው ነበር። በፋይፍ አውራጃ ባሕር ዳር ባለችው ከተማው ግን ሥጋ ሻጭነቱን የሚያነሳ የለም፤ "ዱላ ሰብሳቢው" ነበር የሚሉት። በምድር ቤቱ ትልቅ ክፍል ግድግዳ ላይ የጥንት የጎልፍ ዱላዎች ተሰቅለዋል፤ ሁሉም በዘመናቸው ስመ ጥር ተጫዋቾች የጨበጧቸው ናቸው። ከሁሉም የሚሳሳው ለዱጋልድ ፔትሪ ዱላ ነበር። ፔትሪ የዚያችው ከተማ ልጅ ነው፤ ዋንጫ ይዞ የተመለሰ ዕለት የዋቲ አያት በትከሻው ተሸክሞታል አሉ። እጀታው በተጠቀለለበት የበግ ቆዳ ላይ የፔትሪ አውራ ጣት ያጎደጎደው ቦታ ዛሬም ይታያል። ዋቲ የራሱን ጣት እዚያ ላይ አሳርፎ አያውቅም፤ ይፈራል።

የእንዲህ ያለ ዱላ ጠላቱ ሙቀት ነው። እሳት በሚነድበት ክፍል እንጨቱ ይደርቃል፤ የዱላውን ራስ ከዘንጉ ጋር የሚያስረው ሰም የተቀባ ክር ይላላል፤ ቆዳውም ይሰነጠቃል። ሰብሳቢ የሆነ ሁሉ ይህን ያውቃል። ስለዚህ የዚያ ክፍል ምድጃ ለዓመታት አልተለኮሰም። ሚስቱ ኤልስፐት ወጥ ቤት ውስጥ ትሞቅ ነበርና ማንም አልተጎዳም።

ከዚያ ኤልስፐት ደረቷን ታመመች። ደረጃ መውጣት ሲያቅታት አልጋዋን ዱላዎቹ ወዳሉበት ክፍል አወረዱላት። ሌላ ክፍል አልነበረማ! ቤት ለቤት እየዞረች የምታክም ነርስ መጥታ ግድግዳውን ነካ አደረገችና፣ "አቶ ጊልክሪስት፣ ይሄ የሥጋ ማቀዝቀዣ ነው እንዴ? እሳት ያንድዱላት እንጂ!" አለችው። "እሺ፣ እሺ" አለ። ነርሷ ስትመጣ ያነዳል፤ ስትወጣ ያጠፋል። ጉድ እኮ ነው!

ክፉ ሰው ግን አልነበረም። ጠዋት ጠዋት የአጃ ገንፎዋን ራሱ ያጎርሳታል፤ በብርድ ልብስ ላይ ብርድ ልብስ ይደርብላታል። ዱላዎቹን ሌላ ቦታ ሊያዛውራቸውም አስቦ ነበር። የፎቁ ጣሪያ ያፈሳል፣ ብረታቸው ይዝጋል፤ ወጥ ቤቱ እንፋሎት በእንፋሎት ነው። ወንድሙ ቤትስ? ኧረ ተዉኝ፣ ያ አጫሽ! ለፔትሪ ዱላ የሚመጥን ቦታ በከተማው ጠፋ። ዛሬ ነገ ሲል የብርዱ ወራት ተጋመሰ። "ቅዳሜ አንድ ነገር አደርጋለሁ፤ እስከዚያ ቻይው የኔ ቆንጆ" ይላታል።

"የቱ ቅዳሜ?" ትለዋለች እያሳለች። "እኔም እኮ እየተላቀቅሁ ነው ዋቲ። ያ ሰም የምትቀባው ክር ከተረፈህ እኔንም እሰረኝ።"

ሁለቱም ይስቃሉ፤ አንጀት የሚያሳርረው ይሄ ነው። አንድ ቀን ብትጮህበት ምናልባት ይነቃ ነበር። እሷ ግን ከተጋቡ ጀምሮ ለእነዚያ ዱላዎች ቦታ መልቀቅ የለመደች ሴት ናት። "ብቻ እጄን ያዘኝ፣ ቀዝቅዟል" ትለዋለች። ይይዛታል።

በየካቲት፣ የባሕሩ ነፋስ ሲበረታ፣ አረፈች። እጇ በእጁ ውስጥ ነበር።

ከቀብር መልስ ሰው ወደ ቤት ገባ። ከግላስጎ የመጣችው ልጁ ሺና ከሰል ልታመጣ ወደ ጓሮ ሄዳ ቆየች። ስትመለስ ፊቷ ተለዋውጧል። "የከሰል ቤቱ እስከ አፉ ሙሉ ነው" አለች። ምድጃውን ራሷ ለኮሰችው፤ እስኪንቦገቦግ ድረስ ጨመረችበት። ውስኪ ተቀዳ፤ ለቀብር የሚቀርበው በሊጥ ተሸፍኖ የተጋገረ ሥጋም መጣ፤ ሰዉ ካፖርቱን አወለቀ። አንድ የጎረቤት ሽማግሌ፣ "ይሄ ክፍል ሲሞቅ ገና ዛሬ አየሁ" አለና ወዲያው ምላሱን ነከሰ።

ዋቲ ወንበሩ ላይ ኩርምት ብሎ ተቀምጦ ነበር። ከግድግዳው በኩል ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። በቃ፣ ብድግ አለ! ጉልበቱን የሚያመው ዋቲ እየተጣደፈ ምድጃው ጋ ደረሰ፤ መቆንጠጫውን አነሳና ፍሙን እያወጣ ባልዲ ውስጥ ይጥል ጀመር።

"ይሰነጠቃሉ" አለ። "ይሰነጠቃሉ እኮ!"

ሺና አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለው ነበር።

"አባዬ" አለችው፣ "እማዬ ስታስል አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ፈጥነህ ተነስተህ ታውቃለህ?"

ዋቲ ፍሙን እንደቆነጠጠ ቀረ። ሰዉ አንድ በአንድ ካፖርቱን መልበስ ያዘ፤ ክፍሉ መቀዝቀዝ ጀምሮ ነበር።