ቅቤው ያልሸተተኝ ቀን

ይህን ለንስሐ አባቴም አልተናገርሁም። እናንተ ስሙኝ።

ኮሮና መጀመሪያ የመጣ ጊዜ እኛን አልነካንም። ክረምቱ አለፈ፤ «የአዲስ አበባ በሽታ ነው» ብለን ጭምብላችንን ጣልን። ጥር ገብቶ ሰርጉና ንግሡ ሰውን በአንድ ዳስ ሲሰበስብ፣ ሬዲዮው «ሁለተኛው ማዕበል» ይል ጀመር። ማዕበል ሲባል ማንም ያላመጣው ነገር ይመስላል። ወንድሜ አገር ሰላ ድንጋይ የገባው ግን በእኔ ነው። እኔ ነኝ ያስገባሁት።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ለለቅሶ አዲስ አበባ ደርሼ በተመለስሁ በሳምንቱ፣ የወንድሜን ልጅ የፀዳለን የሰርግ ወጥ ልሠራ ሰላ ድንጋይ ሄድሁ። ጉሮሮዬን ይከረክረኝ ነበር። ሽንኩርቱ ላይ ቅቤውን ስጨምር ምንም አልሸተተኝም። ኮረሪማ በመዳፌ አሽቼ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁ፤ ምንም። የምን ምልክት እንደሆነ አውቅ ነበር። ታዲያ ለምን ማማሰያውን አስቀምጬ አልወጣሁም? «ያለ አስካለ ሰርግ አይደምቅም» መባል እወድ ነበር። ለዚያ ስል ቆየሁ።

የወንድሜ ሚስት ጥሩወርቅ ስስል ሰምታ መጣች።

«ምነው እህቴ፣ አሞሻል እንዴ?»

«መንገድ ላይ የጣርማ በር ብርድ መትቶኝ ነው» አልኋት።

አመነችኝ። ጨዉ አልታወቀኝምና እኔ በቀመስሁበት ማንኪያ እሷንም አስቀመስኋት። እያወቅሁ አስቀመስኋት።

ከሰርጉ በኋላ ሳሉ ከቤት ቤት ዞረ። እኔ ቶሎ ዳንሁ። ጥሩወርቅ ግን ትንፋሽ አጠራት፤ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ገብታ እዚያው አረፈች። ፀዳለ ሙሽርነቷን ሳትጠግብ ከል ለበሰች።

ለቅሶው ላይ «ማን አመጣብን?» ሲባል ጣቱ ሁሉ ወደ ብሩክ ዞረ። ከአዲስ አበባ የመጣ ሚዜ ነው፤ የሙሽራው አብሮ አደግ። ሰርጉ ላይ ጭምብል ያደረገ እሱ ብቻ ነበር።

«ሕመሙን ቢያውቀው ነው አፉን የሸፈነው» አለ ወንድሜ።

ምነው ዝም ብል ኖሮ! «አዎ፣ እኔም ሲያስል ሰምቼዋለሁ» አልሁ። አልሰማሁትም። አንድ ጊዜ እንኳ አልሳለም።

ከዚያ ወዲህ ብሩክ ሰላ ድንጋይን አልረገጠም። ፀዳለ ወልዳ ክርስትና ሲደገስ አልተጠራም። ብርድ ጠንክሮ ሳል በተነሣ ቁጥር ስሙ አብሮ ይነሣል፤ እኔም በየዓመቱ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።

ባለፈው ጥር ደብረ ብርሃን መናኸሪያ አገኘሁት። አንገቴን ደፍቼ ላልፍ ስል ጠራኝ።

«እትዬ አስካለ፣ እኔ እንኳ ያሳለኝ አይመስለኝም ነበር። እርስዎ ሰምቼዋለሁ ካሉ ግን ሳላውቀው ይሆናል። እማማ ጥሩወርቅን እኔው ገደልኋቸው» አለና ዐይኑ እንባ ሞላ። «እግዜር ነፍሳቸውን ይማር።»

«አንተ አልሳልህም፣ ያመጣሁት እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፈትሁ። የወጣኝ ግን «አሜን» ነው።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም።