ሰባተኛዋ የኮረሪማ ፍሬ

ባለፈው ሳምንት በርበሬ በረንዳ ገብቼ አንዷ ነጋዴ ኮረሪማ በጥርሷ ፈልጣ አፍንጫዬ ሥር ብታስጠጋልኝ፣ በስድሳ ዓመቴ ያቺ የሰባት ዓመቷ ሌባ ተመልሳ መጣችብኝ።

ያኔ የምንኖረው ከሸማ ተራ ጀርባ፣ አንዱ ቤት ቅቤ ሲነጠር ሽታው ሁላችንንም በሚያስርብበት ጠባብ ግቢ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ሙንተሃ ኮረሪማ ነጋዴ ነበሩ፤ ለወጡም ለሆድ ቁርጠቱም መልሳቸው ኮረሪማ ነው። ታናሽ ወንድሜ ግርማ በተወለደ በወሩ ጡት አልይዝ ብሎ ሲዝለፈለፍ፣ ሰባት ፍሬ በክር ሰክተው ራስጌው አንጠለጠሉና «አንዷም እንዳትጎድል፤ ሰባት እስከሆኑ ልጁ የትም አይሄድም» አሉ። በሳምንቱ እሳቸው ራሳቸው በድንገት ሞቱ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና።

እኔ ሆዳሟ ደግሞ ያንን አቃጥሎ የሚያቀዘቅዝ ፍሬ እወድ ነበር። በቀብራቸው ማግስት ቋጠሮውን ፈትቼ አንዷን መነተፍኩ። ስድስት መቅረታቸውን ሳይ ግን ወንድሜን ገደልኩት ብዬ ብርድ ልብስ ውስጥ ተሸፍኜ አለቀስኩ። ሲነጋ ሰባት ነበሩ። አመል ክፉ ነውና ደግሜ ሰረቅሁ፤ ነጋ፣ አሁንም ሰባት። አዲሷ ፍሬ ሁልጊዜ አሁን ከእጅ የወጣች ይመስል ሞቅ ትላለች፣ ክሩም የእትዬ ሙንተሃን የሂና ሽታ ይሸታል። እማዬ አይታኝ በዝምታ እየሞላች ነው ብዬ አፍሬ ተውኩ። ግርማም ጡቱን ያዘ፣ ወፈረ፣ ይኸው ዛሬ አያት ሆኗል።

እማዬ ልታርፍ ሰሞን ደፍሬ ይቅርታ ጠየቅኋት። ግራ ገብቷት አየችኝ።

«ውይ ልጄ! እኔም እኮ ለቅቤው ሳጣ ከዚያው እወስድ ነበር። የምትሞዪው አንቺ መስለሽኝ!»

ፀሐይ እየሞቅን ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።

ግቢው ዛሬ የለም፤ ፎቅ ቆሞበታል። የግርማ የልጅ ልጅ ሆዷን ሲቆርጣት ሰንብቶ፣ ከበርበሬ በረንዳ የገዛሁትን ሰባት ፍሬ ሰክቼ አልጋዋ ላይ አንጠለጠልኩላት። እናትየው ሐኪም ያዘዘውን ጠብታ እያሳየች ሳቀችብኝ። ስወጣ አንዷን መንትፌ አፌ ውስጥ ከተትኩ፤ ማየት ፈልጌ ነው፣ ምን ልዋሽ። በማግስቱ ጠዋት ደውዬ እስቲ ቁጠሪልኝ አልኳት።

«ስድስት ናቸው አክስቴ።»

ማንም አልመጣም። ነጠላዬን ደርቤ አንድ ፍሬ ጨብጬ ወጣሁ፤ እስክደርስ ድረስ እጄ ውስጥ ሞቀች።